አሮጌ ሞተርን ቤት ውስጥ ወደ ድሮ ሬሰር መቀየር፦ ጠይቁኝ

ሰላም የጎጃም ሞተረኞች፣ ከሌላም ቦታ ያላችሁ ሰላም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጥያቄ በዝቶብኝ አንዱን ነገር ደጋግሜ ከምጽፍ ሁላችሁም በምታዩበት ብንጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው። ማርቆስ ነው ያለሁት፣ አሮጌ ሞተር ፈትቼ እንደ ድሮዎቹ የፈረንጅ የውድድር ሞተሮች መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ታንከሯ ረዘም ያለ፣ ከኋላ ጉብ ያለች የአንድ ሰው መቀመጫ ያላት አድርጌ መልሼ እገጥማለሁ። ሥራው ጓሮ ቆርቆሮ ጥላ ስር ነው፣ ቶርኖ ወይ ጥሩ ብየዳ ሲያስፈልግ ብቻ ነው ወጥቼ የማሠራው፣ ስለዚህ መልሴም እቤቱ ለሚሠራ ሰው ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ቀለምና መቀመጫ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ፍሬን፣ ኩሽኔታና ሻንሲ ሳይስተካከል ሬሰር የሚባል ነገር የለም፣ ቆንጆ ሆና የምትገድል ሞተር ነው የምትሠሩት። በሉ አምጡ።

ጥ (ከቡሬ)፦ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምሞክረው፣ አንድ ያማሃ ዲቲ 125 አለ፣ አንድ ደግሞ የቻይና 125 አለ፣ ዋጋቸው አይራራቅም። የቱን ልያዝ?

መ፦ ቻይናዋን። አገሩን የሞሉት የቻይና 125ቶች ብዙዎቹ ኢንጂናቸው የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ነው፣ ሆንዳ ያቺን በፈረንጅ 1976 ሲያወጣት ጥገና እንደልብ በማይገኝበት አገር እንድትሠራ አስቦ ነው፣ ቫልቭ የምትከፍተው በዘንግ ገፍታ ነው፣ ላይ ድረስ የሚሄድ የውስጥ ካቴና የላትም፣ ስትፈታት ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ዕቃዋም ፍኖተ ሰላም ድረስ በየሱቁ አለ። ዋናው ግን ቁመናዋ ነው፣ ብዙዎቹ የፊትም የኋላም ቸርኬያቸው 18 ነው፣ የድሮ ሬሰሮችም ብዙዎቹ በዛው አካባቢ ነበሩ። ዲቲ ግን የፒስታ ሞተር ናት፣ የፊት ቸርኬዋ 21 ነው፣ ሹካዋ ረጅም ነው፣ መሪ ብታወርድባትም ፊቷ ቀና ብሎ ነው የሚቀረው። ዲቲን እንዳለች ጠግነህ ገጠር ንዳባት፣ ለዛ ነው የተሠራችው።

ስትገዛ ሻንሲውን በደንብ እይ። መሪው የሚዞርበት አንገት ስር፣ ኢንጂኑ የሚታሰርበት ቦታ፣ የኋላ አሞርዛተር የሚያያዝበት ላይ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሰርቶ ዝገት ካስተፋ ስንጥቅ ነው። እሱን ተወው፣ ሌላ ፈልግ።

ጥ (ከባህር ዳር፣ የፖሊ ተማሪ)፦ ይሄ ስታይል ግን መነሻው ከየት ነው? ሁሉም ሰው ካፌ ሬሰር ይላል ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ የለም።

መ፦ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ እውነተኛው ውድድር ነው፣ አይል ኦፍ ማን የምትባል ደሴት ላይ ከ1907 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቲቲ የሚባል ውድድር አለ፣ ተራራው ዙሪያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ተራ የመኪና መንገድ ላይ ነው የሚሮጡት። ኖርተን ማንክስ የምትባለዋ የእንግሊዝ ሞተር ስሟን ያገኘችው ከዛ ነው። ሁለተኛው የለንደን ወጣት ነው፣ ኤስ ካፌ የሚባል በ1938 የተከፈተ የመንገድ ዳር ቤት አለ፣ በ50ዎቹና 60ዎቹ ልጆቹ እዛ እየተሰበሰቡ የመንገድ ሞተራቸውን የውድድሮቹን እንድትመስል ይቆርጡ ነበር፣ ካፌ ሬሰር የሚባለውም ከዛ ነው፣ ህልማቸው በሰዓት 100 ማይል መድረስ ነው፣ 160 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የትራያምፍን ኢንጂን የኖርተን ሻንሲ ውስጥ ከተው ትራይተን ያሏትም እነሱ ናቸው። እኛ አሁን የምንሠራው የዛን ልጅ ሥራ ነው፣ ባለችህ ሞተር፣ በቤትህ፣ በእጅህ።

ለእኔ ግን ለኛ የሚቀርበው የሆንዳ ታሪክ ነው። ሆንዳ ደሴቲቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1959 የቀረበው በ125 ሲሲ ምድብ ነው፣ ሰው ብዙም ቁም ነገር አላለውም። በ1961 እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ማይክ ሄይልዉድ በሆንዳ 125ንም 250ንም አሸነፈበት። ስለዚህ የ125 ሻንሲ ላይ የኖርተን ስቲከር ከመለጠፍ የ60ዎቹን ሆንዳ መልክ ብታስይዛት ለዓይንም ለታሪኩም ትክክል ነው። የቁጥር ሰሌዳዋንም አስተካክሉት፣ በዛን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ላይ 125 ጥቁር መደብ ነጭ ቁጥር ነው፣ 250 አረንጓዴ ላይ ነጭ፣ 350 ሰማያዊ ላይ ነጭ፣ 500 ቢጫ ላይ ጥቁር። ቢጫ ሰሌዳ የለጠፈች 125 ሳይ ያሳዝነኛል፣ ያንን ሁሉ ሥራ ሠርተው እሷን አለማየታቸው።

ጥ (ከደጀን)፦ ወንድም ዓለም እኔ ሴት ነኝ፣ የአባቴ ያማሃ ኤጂ 100 አለች፣ ለእርሻ ሥራ ይነዳት የነበረች። እሷን መቀየር እፈልጋለሁ ግን በየጊዜው አባይ በረሃን እወርዳለሁ፣ ያስኬዳል?

መ፦ እህቴ የአባትሽ ሞተር በመሆኗ ብቻ ደስ ብሎኛል፣ ቀይሪያት ግን ያወለቅሽውን ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጪ፣ አንድም ነገር አትቁረጪ፣ በቡሎን የሚታሰረውን ብቻ ቀይሪ።

ስለ አባይ በረሃ በደንብ ልመልስልሽ፣ ሌላውም ያንብበው። ኤጂ ቱ ስትሮክ ናት፣ ኢንጂኗን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው፣ መጠኑም ከጋዙ ጋር ይያያዛል። ከደጀን ቁልቁል ጋዝ ዘግተሽ በማርሽ ብቻ ይዘሻት ስትወርጂ ኢንጂኑ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይቱ ግን ጠብታ ነው የሚገባው። ፒስቶን የሚነክሰው እንደዚህ ነው፣ ሲነክስ ደግሞ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆልፋል። ስለዚህ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘሽ ጋዝ ሰጥ አድርጊያት፣ ዘይት ትጠጣ። ፎር ስትሮክ የያዘ ሰው ይሄ አይመለከተውም፣ ዘይቱ ከታች ስለሆነ ያለው በማርሽ ይዞ ይውረድ፣ እንዲያውም እንደዛ ነው የሚሻለው።

ፍሬኑ ሌላ ጉዳይ ነው። የታምቡር ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ እየተጎተተ ከሄደ ይግልና መያዝ ያቆማል፣ መያዣውን ትጨብጪዋለሽ ሞተሯ ትሄዳለች። ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ እንጂ ይዞ መውረድ የለም። ከመውረድሽ በፊት ታምቡሩን አስከፍተሽ የፍሬን ሸራውን እዪ፣ አብረቅርቆ እንደ መስተዋት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አንሺው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው እንጂ በአፍሽ እፍ አትበዪው ለሳንባ መጥፎ ነው። ዘይት የነካው ሸራ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። ይሄን ሳትጨርሺ መሪውን እንዳትነኪው።

ጥ (ከዳንግላ)፦ የወረደ መሪ ከየት ይገኛል? ብየዳ ቤት አሠርቼ ሹካው ላይ ላስበይደው አስቤ ነበር።

መ፦ አረ በፍጹም። ሹካ ላይ ብየዳ አይነካም፣ ሙቀቱ ብረቱን ያበላሸዋል፣ የተበየደበት ቦታ ላይ ነው አንድ ቀን የሚሰበረው። ሁለት መንገድ አለህ። የመጀመሪያው ትክክለኛው ነው፣ የሹካህን ውፍረት በካሊፐር ለካና ቶርኖ ቤት ሁለት አምባር አስቆርጥ፣ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ በቡሎን ጨብጦ የሚይዝ፣ መሪው ከአምባሩ ጋር ነው የሚያያዘው። ቡሎኖቹ ሁለት ሁለት ይሁኑ፣ ደረጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አንብብ፣ 8.8 የሚል ይሁን ከዛ በታች አልወድም። ሁለተኛው ርካሹ፣ ያለህን መሪ ገልብጠህ ማሰር ነው። የለንደኖቹም ገንዘብ ያልነበራቸው እንደዛ ያደርጉ ነበር፣ ምንም አያሳፍርም።

ከገጠምክ በኋላ ሞተሯን አስነስተህ ቆማ እያለች መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙር። የኢንጂኑ ድምፅ በራሱ ከጨመረ የጋዙ ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው፣ እንደዛ ሆና መንገድ ላይ ከወጣች ኩርባ ላይ ራሷ ጋዝ ትሰጣለች። ጣትህም በመሪውና በታንከሩ መሃል እንደማይጨፈለቅ እይ።

ጥ (ከዳንግላ፣ ያው ሰው)፦ የእግር መርገጫውስ?

መ፦ መሪ ካወረድክ እሱም ወደኋላ መሄድ አለበት፣ አለዚያ ወገብህ ነው የሚሸከመው። የማርሹን ዘንግ ስትገለብጥ ቅደም ተከተሉ እንደሚገለበጥ አትርሳ፣ ወደ ታች ይገባ የነበረው ወደ ላይ ይሆናል። ውድድር ላይ ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚነዱት፣ ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ካዋስከው ጉድ ይፈላል። የኋላ ፍሬን ዘንግ ደግሞ ሸራው በሚይዝበት ቅጽበት ከታምቡሩ ክንድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሥራ፣ እዛ ላይ ነው ጉልበቱ ያለው።

ጥ (ከሞጣ)፦ ሰላም ጋሼ፣ የኋላውን ሻንሲ ቆርጬ በክብ ቧንቧ ልዝጋው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መ፦ መጀመሪያ አትቁረጥ። መቀመጫውን በካርቶን ሠርተህ አስቀምጥ፣ ራቅ ብለህ እይ፣ አንድ ሌሊት አሳድረው። ብዙ ሰው በስሜት ቆርጦ በኋላ ነው መቀመጫው አጭር መሆኑን የሚያየው። ስትቆርጥ ከአሞርዛተሩ መያዣ ኋላ ነው፣ መያዣውንና ከሱ ፊት ያለውን አጥንት አትንካ። የምትጨምረው ቧንቧ ከሻንሲው ጋር እኩል ውፍረት ያለው ይሁን፣ የቤት ዕቃ የሚሠራበት ስስ ቱቦ አይሆንም፣ ከመበየዱ በፊት መገናኛው ውስጥ ቁራጭ ብረት ገብቶ ሁለቱን ያያይዝ። ባትሪውን ፍታ፣ ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ንቀል፣ የብየዳውን የማሳ ሽቦ ከሚበየደው ቦታ ጎን እሰር እንጂ ኢንጂኑ ላይ አትሰር፣ ከረንቱ በኩሽኔታው እያለፈ ይበላዋል።

ከዛ አንድ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። አሞርዛተሮቹን ፍታና የኋላ ጎማውን በእጅህ ወደ ላይ አንሳ፣ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ እስከሚደርስበት ድረስ። ጎማው አዲሱን ቧንቧ ወይ የመብራቱን ሽቦ ከነካ ኮብልስቶን ላይ ይነካል ማለት ነው። ሰው የሚጭን ደግሞ አይቁረጥ፣ የአንድ ሰው ሞተር ናት የምትሆነው።

ጥ (ከእንጅባራ)፦ ኢንጂኑን ማፍጠን ይቻላል? የአየር ፊልትሮውን አውልቄ ክፍቷን ባደርግስ?

መ፦ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚመጣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እንጅባራ ከባህር ጠለል 2,500 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ማርቆስም ከ2,400 አናንስም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኢንጂን ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው፣ ስለዚህ ወደ 11 የፈረስ ጉልበት የተጻፈባት 125 እኛ ጋ ስትነዳ ሩቡን ያህል አጥታለች። አባይ ድልድይ ስትወርዱ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ናችሁና ሞተራችሁ በድንገት የነቃች የሚመስላችሁ ለዛ ነው፣ የሆነ ነገር ስላስተካከላችሁ አይደለም።

አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ካልቀነሰ ድብልቁ ይከብዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሯ ታፍናለች። ለዚህ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሿን የናስ ቀዳዳ፣ ጄቷን፣ ባለ አነስተኛ ቁጥር ታደርጋለህ። ፊልትሮ ስታወልቅ ወይ ማርሚታ ስትከፍት ደግሞ በተቃራኒው አየር ይበዛል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ይግላል፣ ስለዚህ ቁጥሯ ከፍ ያለ ያስፈልጋል። ሁለቱ ይሻሻራሉ። ኢንተርኔት ላይ ፈረንጁ ሁለት ቁጥር ጨምር ያለህን እንጅባራ ላይ ብትጨምር ሞተሯ ትታነቃለች፣ እሱ የሚያወራው ባህር አጠገብ ሆኖ ነው። መፍረጃው ካንዴላው ነው፣ ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ጥቂት ሂድ፣ ከዛ ቁልፉን ዘግተህ ፍሪሲዮን ይዘህ ቁም፣ ካንዴላውን ፍታ። የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ፈዛዛ ቡኒ ከሆነ ደህና ነህ፣ ጥላሸት ከሆነ ቀንስ፣ ነጭ ከሆነ ሳትነዳት ጨምር።

ክፍት ፊልትሮ ግን የፒስታ አገር ሰው አይግጠም። የኛ የበጋ አቧራ ዱቄት ነው፣ ፋሻውንና ሲሊንደሩን አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይፈጨዋል፣ ከአንድ በጋ በኋላ ጭስ ነው። ዋናውን የፊልትሮ ሳጥን ከመቀመጫው ስር ደብቀህ አቆየው፣ ማንም አያየውም።

እውነተኛ ፍጥነት የሚገኘው ከዚህ ነው፣ ቫልቩን ኢንጂኑ ቀዝቅዞ እያለ 0.08 ሚሊ ሜትር ላይ ማስተካከል፣ የካንዴላውን ክፍተት 0.6 እስከ 0.7 ማድረግ፣ ካቴናውን ማጽዳት፣ ክብደት ማውረድ። የኮተት ብረቱን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ የመሃል ማቆሚያውን፣ የቆርቆሮ ጭቃ መከላከያውን ስታወልቅ 125 ላይ በደንብ ይሰማል፣ ከባድ ሞተር ላይ እንደዛ አይሰማም። ሌላው የፊት ፒኞን ነው፣ ካቴናውን ከኢንጂኑ በኩል የምታዞረው ትንሿ ባለጥርስ፣ ሬሰር ስለሆነች ብለው ጥርሱ የበዛ ይገጥማሉ፣ ደጋ ላይ ግን ኢንጂኑ አይጎትተውም፣ አምስተኛ ማርሽ ላይ ከአራተኛ ያነሰ ትሄዳለች። እንዳለ ተወው፣ እንዲያውም ዳገት የበዛበት ሰው አንድ ጥርስ ቀንስ፣ ከኋላ ኮሮናው (ትልቁ ባለጥርስ) ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ እንደመጨመር ነው።

ጥ (ከደንበጫ)፦ ማርሚታዋን ቆርጬ ድምፅ እንዲኖራት?

መ፦ ፎር ስትሮክ ከሆነች እሽ፣ ግን ውስጡ የድምፅ ማፈኛ ይኑረው፣ ከተማው ውስጥ የታመመም የተኛም አለ። የድሮዎቹ ማርሚታ ቀስ እያለ እየሰፋ ሄዶ መጨረሻው ላይ ወደ ውስጥ የሚጠብብ ነው፣ ቆርቆሮ ሠራተኛ ቅርጹን ብታሳየው በደንብ ያወጣዋል። ቱ ስትሮክ ከሆነች ግን አትንካት። የሷ ማርሚታ የኢንጂኑ አካል ነው፣ የሚያመልጠውን ያልተቃጠለ ድብልቅ በግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደር የሚመልሰው እሱ ነው፣ ከቆረጥከው ድምፁ ይጨምራል ጉልበቱ ይሄዳል።

ጥ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የድሮ ታንከር አግኝቻለሁ ውስጡ ዝጓል፣ ታችም ቀዳዳ አላት። ላስበይዳት?

መ፦ በጥንቃቄ አንብበኝ። ቤንዚን የነበረበት ታንከር ባዶ ሆኖ ነው ከሙሉው ይልቅ የሚፈነዳው፣ ትነቱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ለወራት ይቆያል፣ በሳሙና አጥቤዋለሁ ማለት አይበቃም። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ደጋግመህ እጠበው፣ ከዛ የሚበየደውን ቦታ ወደ ላይ አድርገህ እስከዛች ጫፍ ድረስ ውሃ ሙላው፣ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ያኔ ነው እሳት የሚቀርበው። በያጁ ችግር የለውም ቢልህም አንተ ውሃውን ሙላ።

ዝገቱን ለማውጣት ደግሞ ኮምጣጤ ሙላው፣ አንድ ቀን ይዋል ይደር፣ ጥቂት ዳዶና ቁርጥራጭ ካቴና ጨምረህ ናጠው፣ ድፋው፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቀው አሲዱ እንዲሞት፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቀህ ትንሽ ዘይት ቀባው። ከዛ በኋላም ከታንከሩ እስከ ካርቡራተሩ ባለው ቱቦ ላይ ትንሿን የቤንዚን ፊልትሮ ግጠም።

ጥ (ከባህር ዳር)፦ ቀለሙን ራሴ ብቀባው?

መ፦ ማዘጋጀቱን ራስህ ሥራ፣ ማውለቁን፣ ማሸጉን፣ ስቱኮውን። አብዛኛው ድካም እሱ ነው። የመጨረሻውን ባለ ሁለት ድብልቅ ቬርኒሽ ግን ማስክና ቦታ ላለው ባለሙያ ስጠው፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል። ያ ቬርኒሽ ከሌለ ታንከሩ ላይ ቤንዚን በተንጠባጠበ ቁጥር ቀለሙ ይላጣል። ክረምት ላይ አትቀባ፣ ሐምሌና ነሐሴ የኛ አየር ውሃ ነው፣ ቀለሙ ነጭ ጉም ይይዛል። ጥቅምትን ጠብቅ። ለሆንዳው መልክ ብርማ ታንከርና ቀይ፣ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

ጥ (ከቢቸና)፦ ፊቷ ላይ ያ ትልቁ የንፋስ መከላከያ ቢኖራትስ? ጎማውን ሁሉ የሚሸፍነው።

መ፦ ያ ከ1958 ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና የታገደ ነው፣ የጎን ንፋስ ሲመታው ሞተሯን ከመንገድ ይገፋት ነበር። የሜዳውን ንፋስ ታውቀዋለህ። ትንሿን፣ መብራቱ ዙሪያ ብቻ የምትቀመጠውን አሠራ።

ጥ (ከማርቆስ)፦ ትራፊክ አያስቸግርም? ሊብሬውስ?

መ፦ ሊብሬው ላይ የሻንሲና የኢንጂን ቁጥር አለ፣ ሁለቱን አትንካ፣ በቀለምም አትሸፍናቸው፣ በግራይንደርም አትጠጋቸው። ቀለም ልትቀይር ስትል አስቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ ተቀይሮ ከሄድክ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። መስታወት፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ መብራት፣ ታርጋ ይኑራት። የውድድር ሞተሮቹ መብራት አልነበራቸውም ግን አንተ ማታ ከገበያ የሚመለስ ሰውና ከብት ባለበት መንገድ ነው የምትነዳው።

ጥ (ከቡሬ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት)፦ እሽ ቻይናዋን ልገዛ ነው። ቅዳሜ እቤት ስትገባ ከምን ልጀምር?

መ፦ ከማጠብ። ቆሻሻ ሞተር ላይ ስንጥቅ አይታይም። ከዛ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን ቀስ ብለህ ግራ ቀኝ አዙረው፣ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚይዝህ ነገር ካለ የአንገቱ ኩሽኔታ ጎድጉዷል፣ ቀይረው። የኋላ ጎማውን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው፣ ከተንቀጫቀጨ የቸርኬው ኩሽኔታ ወይ የኋላ ሹካው ቡሽ አልቋል። ራጂዎቹን (የቸርኬውን ሽቦዎች) አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ አድርግ፣ የጠበቀው ይጮሃል የላላው ይደነቁራል። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ያለበት ሞላላ ማኅተም ፈልግ፣ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው የመጨረሻዎቹ ዓመቱ፣ 2312 ካለ በፈረንጅ 2012 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ቢኖረውም ጎማው ደርቋልና አስወግደው። አዲስ ስትገዛ ከፊት ያቺን ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ያላትን የድሮ ሬሰር ጎማ አትግዛ፣ አስፋልት ላይ ታምራለች፣ ክረምት ቡሬ ጭቃ ላይ ግን መሪውን ትነጥቅሃለች። ይሄን ሁሉ ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ መሪው ከዛ በኋላ ነው።